እጅ የሚያስር እዝነት
ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎቻችን ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤቶች ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ብዙም የማንነጋገርበት ነው። ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እግሩ የማይታዘዘው ወይም አእምሮው ቀስ ብሎ የሚቀበል ልጅ አድጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲደርስ ምግቡን ማን ያበስልለታል? ልብሱን ማን ያጥብለታል? እናትና አባቱ ወደማይቀረው ቤት ሲሄዱስ በማን እጅ ይወድቃል? መልሱን ለመፈለግ ሐሳባችንን ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋዎች እናድርግ።

ስንቁን ተሸክሞ የሚመጣው ተማሪ

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በጥንቱ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በእንስሳት ጀርባ እየተጫነ ይገባባት እንደነበር ይታወቃል። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ኽምጣናና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። መሬቱ ተረተርና ገደል የበዛበት፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ እየቆለቆለ የሚወርድ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየመንደሩ አይገኝም። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ የገጠር ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ከተማ ወጥቶ፣ ከአንድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አነስተኛ ክፍል ተከራይቶ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ አገሩ ወርዶ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹን ተሸክሞ እሑድ ይመለሳል። ውሃውን ራሱ ይቀዳል፤ ወጡን ራሱ ይሠራል፤ ልብሱን ራሱ ያጥባል፤ የኪራዩን ብር ራሱ ቆጥሮ ይከፍላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ ምድር ዒልም ፍለጋ ከሼኽ ወደ ሼኽ ይዞር የነበረው ደረሳ እንጨቱን ለቅሞ፣ ውሃውን ቀድቶ፣ ያገኘውን ቀምሶ ነበር ኪታቡን የሚቀራው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው። በአገራችን መማርና ራስን ችሎ ማደር ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ነገሮች ናቸው።

እስቲ እንግዲህ ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ዓይነ ስውር ነው ብለን እናስብ። ብሬል ያነባል፤ በትምህርቱም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። እቤቱ ሳለ ግን እናቱ ታጎርሰው ነበር፤ እህቱ ልብሱን ታጥብለት ነበር፤ ወንድሙ እጁን ይዞ እደጅ ያወጣውና ያስገባው ነበር። ክብሪት ጭሮ አያውቅም። ብር በእጁ ይዞ ሱቅ ሄዶ አያውቅም። አሁን በኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አብረውት የተከራዩት ልጆች የመጀመሪያውን ወር በደስታ ያበስሉለታል፤ ሁለተኛውን ወር ዝም ብለው ያበስሉለታል፤ በሦስተኛው ወር ማጉረምረም ይጀምራሉ። እሱም ይሰማል። አንድ ቀን ዱላውን አንሥቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሰፈሩም «ምስኪን፣ ትምህርቱ ከበደው» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ በሒሳብ አልወደቀም፤ የወደቀው በሽሮ ነው።

መስማት የተሳናት ልጃገረድም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣትም በየራሳቸው መንገድ እዚሁ ፈተና ላይ ይደርሳሉ። ፈተናው ደግሞ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጎልቶ ይመጣል። የመልቀቂያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ከቤታቸው ርቀው በማደሪያ ክፍል መሰንበት ነበረባቸው። በማያውቀው ግቢ ውስጥ መጸዳጃ ቤቱን፣ መመገቢያ አዳራሹንና አልጋውን ለይቶ ማግኘት ያልተማረ ልጅ ለፈተናው የሚተርፍ ልብ ከየት ያመጣል?

በዋግ ኽምራ ይህ ጉዳይ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። አካባቢው ዓይንን የሚያሳውረው ትራኮማ ለረጅም ዓመታት በርትቶ ከቆየባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጀው ዕቅድ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም መጠራቱም የችግሩን ክብደት ይናገራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ትምህርትን አቋርጧል፤ ቤተሰብን አፈናቅሏል፤ በጤነኛ አካል ላይም ጉዳት ጨምሯል።

ሙአዚኑ ዓይነ ስውር ነበር

አንዳንዶቻችን አካል ጉዳተኛን ከሥራና ከኃላፊነት ማራቅ የእዝነት ምልክት ይመስለናል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከተማ ግን ይህን አታሳየንም።

ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብን ኡም መክቱም (ረ.ዐ.) ዲኑን ለመማር በመጣ ጊዜ ነቢዩ ከቁረይሽ ሹማምንት ጋር በመነጋገር ላይ ስለነበሩ ፊታቸውን አጨፍግገው እንደዞሩ፣ ስለዚህም አላህ (ሱ.ወ.) ሱረቱ ዐበሰን አውርዶ እንደገሠጻቸው ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ይህ ሰው በመዲና ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር ሙአዚን ሆነ። ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም ከአንድ ጊዜ በላይ በመዲና ላይ ተክተውት ሄደዋል።

የረመዳኑን አዛን ነገር ደግሞ ልብ እንበል። ቢላል ሌሊት ሳለ አዛን ያደርግ ነበር፤ ሰው መብላቱን የሚያቆመው ግን በኢብን ኡም መክቱም አዛን ነበር። እሱም ንጋትን በዓይኑ ስለማያይ ሰዎች «ነግቷል» እስኪሉት ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ የሙስሊሞች ጾም መጀመሪያ በአንድ ዓይነ ስውር ድምፅ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። «አንተ ስለማታይ ተቀመጥ» ያለው የለም። ያላየውን ሰው ይነግረዋል፤ ኃላፊነቱ ግን የእሱ ነው። ራስን ችሎ መኖር ማለት ይኸው ነው። የሰው እርዳታ ሳይጠፋ የራስን ድርሻ መያዝ።

በአቡ ዳውድ የተዘገበውንም እናስታውስ። አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ በመጣ ጊዜ በቤቱ ያለውን አንድ ልብስና አንድ የውሃ ዕቃ አስመጥተው በሁለት ድርሃም ሸጡለት። በአንዱ ድርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። እጀታውንም በገዛ እጃቸው ሰኩለት። እንጨት እየሰበረ እንዲሸጥ ልከውት ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አሥር ድርሃም አግኝቶ ተመለሰ። ነቢዩ ከኪሳቸው ሰጥተው ሊሸኙት ይችሉ ነበር። የመረጡት ግን እጁ የሚሠራበትን ነገር መስጠት ነበር።

በአንጻሩ እዝነትን ማንም ከሳቸው በላይ አያውቅም። አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት አንዲት ሴት «ጉዳይ አለኝ» ባለቻቸው ጊዜ መንገዱን አንቺ ምረጪ ብለው፣ ጉዳይዋ እስኪፈጸም ድረስ አብረዋት እንደቆሙ ሙስሊም ዘግበዋል። ቦታውን የመረጠችው እሷ መሆኗን ልብ እንበል። እዝነታቸው ምርጫዋን አልወሰደባትም።

ሕጉስ ምን ይላል?

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የልዩ ትምህርትን ነገር አንሥቷል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 24 ብሬልን፣ የምልክት ቋንቋንና በነፃነት መንቀሳቀስን ብቻ ሳይሆን፣ ለኑሮና ለማኅበራዊ ሕይወት የሚያስፈልገውን ችሎታ ማስተማርንም የትምህርት ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ወላጅ ልጁ በትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ትምህርት እንዲሰጠው ሲጠይቅ መብቱን እንጂ ውለታ አይጠይቅም።

ሁለት ምስክሮች

ከራሳችን አገር ሁለት ሴቶችን እንጥቀስ። የመጀመሪያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ናት። በወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ቤተሰቧ ግን እቤት አላስቀመጧትም። ወደ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች። ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ከወሎ ተራራ ሻሸመኔ ድረስ በአዳሪነት የተላከች ሕፃን ቀድሞ የምትማረው ፊደል ብቻ አይደለም፤ አልጋዋን ማንጠፍ፣ ልብሷን መለየት፣ መንገዷን ማወቅም ጭምር ነው።

ሁለተኛዋ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም የተለየችው ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናት። ልጇ ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጣች። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል መሠረተች። በዘመኑ ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለውን ልጅ በጓዳ ይሸሽግ ነበር። እሷ ግን ስለ ልጇ በአደባባይ ተናገረች። አንዲት እናት ልጇን ከጓዳ ስታወጣ የሌሎች ልጆችም በር አብሮ ይከፈታል።

ትምህርቱ ከቤት ይጀመር

«ታዲያ እኛ የሰቆጣ ወላጆች ማዕከል የለን፣ ባለሙያ የለን፣ ምን እናድርግ?» የሚል ይኖራል። ለመጀመር ከሚያስፈልገው አብዛኛው በቤታችን አለ።

አንደኛ፣ ሥራውን መቆራረስ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ለእኛ አንድ የሚመስለን ሥራ ለልጁ አሥር ሥራ ነው። ለዚህ ከውዱእ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ ራስ፣ እግር እያለ በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ በየቀኑም ይደጋገማል። ውዱእን የተማረ ልጅ ማንኛውንም ሥራ እንዲሁ በቅደም ተከተል ሊማር ይችላል። አእምሮው ቀስ ብሎ ለሚቀበል ልጅ የአምስቱ ሰላት ወቅቶች የቀኑ መርሐ ግብር ይሆኑለታል። ከሱብሕ በኋላ አልጋ ማንጠፍ፣ ከዙህር በኋላ የበላበትን ሳህን ማጠብ፣ ከዐስር በኋላ ውሃ መቅዳት እያልን ብናለማምደው ሰዓት ማንበብ ባይችል እንኳ ቀኑ አይደናገረውም።

ሁለተኛ፣ ከመጨረሻው መጀመር ነው። ሸሚዝ መቆለፍ የሚያዳግተውን ልጅ ከላይ ያሉትን ቁልፎች እኛ ቆልፈንለት የመጨረሻዋን ብቻ እንተውለት። እሷን ሲችል ሁለቱን፣ ከዚያም ሦስቱን። ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን የሚጨርሰው ራሱ ስለሚሆን «ቻልኩ» የሚል ደስታ ያድርበታል።

ሦስተኛ፣ ምድጃ ነው። እናቶች በጣም የሚፈሩት ይህን ነው፤ ቢፈሩም አይፈረድባቸውም። ለዓይነ ስውር ተማሪ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ድስቱን እሳቱ ከመቀጣጠሉ በፊት በምድጃው ላይ አስተካክሎ መጣድ፣ እጅጌን መጠቅለል፣ የተንጠለጠለ ነጠላ ወይም ሻርፕ ማሰር፣ ጨውና በርበሬን በተለያየ ዓይነት ዕቃ ማስቀመጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ምድጃው ሳይለኮስ ሙሉውን ሥራ ደጋግሞ ይለማመድ። ከዚያ እናት አጠገቡ ቆማ፣ በኋላም ከበሩ ላይ ሆና ትጠብቀው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ግን ከእሳትና ከጥልቅ ውሃ አጠገብ ብቻውን መተው የለበትም። ከጓደኛው ጋር ያብስል፤ ሽንኩርቱን መክተፍ፣ እህሉን መልቀም የእሱ ድርሻ ይሁን፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ መውሰድን ይማር።

አራተኛ፣ ገንዘብና መንገድ ነው። ዓይነ ስውር ልጅ ብሩን በአስተጣጠፍ ሊለይ ይችላል። አሥሩን ሳያጥፍ፣ ሃምሳውን ለሁለት፣ መቶውን ለአራት፣ ሁለት መቶውን በርዝመቱ አጥፎ ቢይዝ፣ መልስ ሲቀበልም ወዲያው እያስለየ ቢያጥፍ፣ ሱቅ ሄዶ ሳይታለል ይመለሳል። ነጭ ዱላ የያዘ ልጅ ግራ እግሩን ሲያነሣ ዱላውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ሲያነሣ ወደ ግራ ማድረግን ይማር፤ ዱላዋ ቀጥሎ የሚረግጥበትን ቦታ ቀድማ ታያለችና። አእምሮው ቀስ ብሎ ለሚቀበለው ደግሞ በየቀኑ ከአንድ ሱቅ አንድ ነገር ብቻ ይግዛ። ሲለምድ ሁለት ይሁን።

አምስተኛ፣ ሐያእና ራስን መጠበቅ ነው። ሱረቱ ኑር ልጆች በሦስት ወቅቶች ሳያስፈቅዱ ወደ ወላጆቻቸው እንዳይገቡ እንድናስተምር ያዛል። ይህ ትምህርት ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆቻችን ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። በር ዘግቶ መታጠብን፣ ኢስቲንጃን፣ ልጃገረዶች የወር አበባ ንጽሕናን በጊዜው ይማሩ። ከሁሉም በላይ «እምቢ» ማለትንና ያልተገባ ነገር የደረሰበት ልጅ ለሚያምነው ሰው መናገርን ይወቅ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሲያለብሰውና ሲያወልቅለት ያደገ ልጅ ክፉ እጅ ቢነካው እንኳ ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ይህ ነገር እኛን በጣም ያስፈራናል፤ ወላጆችንም ሊያስፈራቸው ይገባል።

ስድስተኛ፣ ዲኑ ነው። በጥቂት ሙስሊሞች መካከል፣ ምናልባትም በክርስቲያን አከራይ ግቢ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ተማሪ ቂብላው ከበሩ አንጻር በየት በኩል እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው። መስማት የተሳናት ልጅ ለሱሑር የምትነቃው በአዛን ድምፅ ስላልሆነ፣ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ከትራሷ ሥር ታኑር። ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ፣ ከጎረቤቱ ጋር በመልካም ጠባይ እንዴት እንደሚኖር ከቤቱ ተምሮ ይውጣ። ቀለም የማይነካቸው፣ አእምሯቸው ለኃላፊነት ያልበቃ ልጆች እንዳሉ ሸሪዓ ያውቃል፤ በእነሱ ላይ ኃጢአት አይጻፍም። ኃጢአት የማይጻፍበት ልጅ ግን ትምህርት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። እሱ ባይጠየቅ እኛ ስለ እሱ እንጠየቃለን።

የማይችለውስ?

«የኔ ልጅ እጁም እግሩም አይታዘዝለትም፤ ለእሱ ይህ ሁሉ ምን ይረባዋል?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ለዚህ ወላጅ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ እንንገረው። ኤድ ሮበርትስ በልጅነቱ በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ለመተንፈስ እንኳ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዚያችው ከተማ ከተቋቋመው ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። እሱና ጓደኞቹ ያስተማሩት፣ ራስን መቻል ማለት ሁሉን በገዛ እጅ መሥራት ሳይሆን፣ ስለ ገዛ ሕይወት ራስ መወሰን መሆኑን ነው። ልብሱን ሌላ ያልብሰው፤ የትኛውን እንደሚለብስ ግን እሱ ይምረጥ። መናገር የማይችል ከሆነ ሁለት ሸሚዝ አሳይተን በዓይኑ እንዲያመለክት እንጠብቀው። ይህም አንድ ትምህርት ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዘጠነኛ ክፍል እስኪገባ አትጠብቁ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ሰላትን እንደምታስተምሩት ሁሉ ከዚያው ዕድሜ ጀምሮ ሳህኑን ማንሣት ይማር። ውሃ ቢደፋ አትቆጡ፤ ሽሮው ቢያር ብሉለት።

መምህራን ሆይ፣ ከብሬሉና ከምልክት ቋንቋው ጎን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለኑሮ ትምህርት ስጡ። አንድ ምድጃ፣ አንድ የልብስ ሳፋ፣ አንድ የተግባር መለማመጃ ሱቅ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ከሚማሩት መካከል ነገ ንብ የሚያንብ፣ ዶሮ የሚያረባ፣ ፍየል የሚያደልብ ይወጣል።

የመስጊድ ጀማዓዎች ሆይ፣ ሶደቃችሁ ለዕለት እንጀራ ብቻ አይሁን። አንድ ነጭ ዱላ፣ አንድ ድስትና ምድጃ፣ የአንድ ተማሪ የዓመት የቤት ኪራይ የነቢዩን የመጥረቢያ ሱና ይከተላል። የመስጊዳችሁን ደረጃ፣ የውዱእ ቦታችሁንም ተመልከቱ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ይገባበታልን?

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ጋር የተከራየ አካል ጉዳተኛ ጓደኛ ካላችሁ ወጡን ሠርታችሁ አታቅርቡለት፤ ከጎኑ ቆማችሁ አሠሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል። ከዚያ በኋላ ግን ተራ ሲደርሰው እሱ ያበስልላችኋል።

እዝነት ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ከልባችን አይጥፋ። ነገር ግን በእዝነት ስም የልጃችንን እጅ አስረን፣ እኛ በሞት ስንለየው እጁ እንደታሰረ ትተነው እንዳንሄድ እንጠንቀቅ። ልጁ አላህ የሰጠን አማና ነው። አማናም ሲመለስ ካገኘነው የተሻለ ሆኖ ቢመለስ ያምራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ለራሳቸውም ለወገናቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። ለወላጆቻቸውም ትዕግሥትን ይስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።